በእማሆይ ደረጃ ላይ የገጠምኩት መብራት

እኔ አናጢ ነኝ። መጋዝ ከያዝኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከሽቦ ጋር ምንም ጉዳይ አልነበረኝም። ሽቦ ገና ሳልነካው የሚነዝረኝ ይመስለኝ ነበር፤ ባትሪ የሚሉትንም ነገር ከሬዲዮ ጀርባ ከማውጣትና ከመክተት አልፌ አላውቀውም። እንጨት ግን አውቃለሁ። ሳይደርቅ ተሰንጥቆ የተመታ የባሕር ዛፍ ጣውላ በስንት ወሩ እንደሚጣመም፣ ጥድ በየትኛው ወገኑ ዝናብ እንደሚችል፣ ሚስማር የት ሲገባ እንጨቱን እንደሚፈልጠው ጠይቁኝ። ይህን የምለው ልመካ ብዬ ነው፤ ሌላ የምመካበት ነገር የለኝምና።

መብራት ገጣሚ ያደረገኝ ቅናት ነው። በምኖርበት በራቤል ከተማ አንድ ሰው ለምግብ ቤቱ የጣውላ በረንዳ ሊያሠራኝ ተነጋግረን ከጨረስን በኋላ ሥራውን ለሌላ አናጢ ሰጠው። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ «እሱ በረንዳውንም ይሠራል፣ መብራቱንም ይገጥማል። አንተን ካሠራሁ ለመብራቱ ደግሞ ሌላ ሰው ፍለጋ ልዞር ነው» አለኝ። የዚያ አናጢ ወለል ገና ክረምት ሳይነካው ተንጋደደ፤ ብርጭቆ ቢያስቀምጡበት ይንሸራተታል። መብራቱ ግን ያምራል። ሰዉ መብራቱን እያየ የወለሉን መንጋደድ ረሳው። እኔ አልረሳሁትም። ለሁለት ሳምንት ያህል በዚያ በኩል ማለፍ አስጠልቶኝ በጓሮ መንገድ ነበር የምመላለሰው።

እንዲህ እርር ድብን ባልኩበት ሰሞን ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋዩ በጓሳ ደጋ ጥግ ካለች አንዲት መንደር የወጣ ሰው ነው። እናቱ እዚያው ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ ስለጫኑ አገሩ ሁሉ እማሆይ ይላቸዋል። ልጃቸው በድንጋይ ቤታቸው ፊት ለፊት የጣውላ በረንዳ ከነደረጃው እንድሠራላቸው ፈለገ። ለእንግዳ ማረፊያ ተብሎ በተሠራ ቤት አይቶ የወደደውን ፎቶ አንስቶ ልኮልኛል። እሱ «ዴክ» ይለዋል፤ እኔ የጣውላ በረንዳ እለዋለሁ። ከፍታውን፣ ስፋቱን፣ የእንጨቱን ዓይነት ተስማምተን ስልኩን ልንዘጋ ስንል፣ አፌ ከእኔ ቀድሞ ተናገረ።

«መብራትም እገጥምለታለሁ» አልኩት። «ደረጃው ላይ፣ በሶላር። ከበረንዳው ጋር አብሬ ነው የምሠራው።»

የሰውየው ድምፅ ለወጥ አለ። ባለፈው ክረምት እማሆይ ሳይነጋ ወደ ኪዳን ሲወጡ ከቤታቸው የድንጋይ ደረጃ ላይ ተንሸራተው እንደወደቁ፣ የእጃቸው አንጓ እንደተሰበረ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች እስኪያገኟቸው ድረስ ጭቃው ላይ እንደቆዩ ነገረኝ።

«ደግማ ከወደቀች እዚህ አምጥቼ ነው የማኖራት፤ ክፍሏን አዘጋጅቻለሁ» አለ። «እሷ ደግሞ ከቤቷ ከወጣች ከርማ አትገኝም፤ አውቃታለሁ። ጋሼ፣ መብራቱ ነገር እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ» አልኩት። በሕይወቴ አንድ አምፖል እንኳ ገጥሜ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ራቤል ገበያ አጠገብ ሶላርና ባትሪ የምትሸጥ ሴት ሱቅ ሄጄ ተማሪ ሆንኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ደንበኛ በመጣ ቁጥር እየተነሣሁ፣ ደንበኛ በሄደ ቁጥር እየተቀመጥኩ ተማርኩ። ቀዩን ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ። ሽቦ እንዴት እንደሚላጥ፣ ሲመሽ ራሱ በርቶ ሲነጋ ራሱ የሚጠፋው መብራት እንዴት እንደሚታሰር አሳየችኝ። እጄ የለመደው መዶሻ ስለሆነ ብሎኑን በጉልበት ስገፋው፣ «ጋሼ፣ ይሄ ጥድ አይደለም፤ ቀስ ይበሉለት» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ልሄድ ስነሣ ደግሞ፣ «ዋናው ነገር ሶላሩን ፀሐይ የምትውልበት ቦታ ማድረግ ነው። ሌላው ሁሉ ይስተካከላል» አለችኝ። ፀሐይ የት እንዳለች ለኔ ሊነገረኝ ነው እንዴ ብዬ በግማሽ ጆሮ ሰማኋት። ያን ጊዜ በሙሉ ጆሮዬ ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ብዙ ነገር ይቀር ነበር።

እንጨቱን በአይሱዙ ጭኜ መንደሯ ስደርስ እማሆይ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። አጭር ናቸው፤ ዓይናቸው ግን ቁመታቸውን ያስረሳል። የተሰበረው እጃቸው ድኗል፤ ቢሆንም ከለመዱት ይሁን ከሕመሙ እንጃ፣ ደረታቸው ላይ አስደግፈው ነው የሚይዙት።

«ልታስቀረኝ የመጣኸው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«እግዜር ከፈቀደ፣ እማሆይ።»

«እግዜርማ ፈቅዷል። ያልፈቀደው ልጄ ነው።»

እየሠራሁ ሳለ ብዙ ነገር አወሩኝ። እጃቸው ተሰብሮ በነበረ ጊዜ ልጃቸው ቤት አንድ ወር ተቀምጠው ነበር። ቤቱ ይሞቃል፤ ምራታቸው ትንከባከባቸዋለች፤ የልጅ ልጆቻቸው ይወዷቸዋል። ጠዋት ጠዋት የኪዳኑ ጸሎት በድምፅ ማጉያ እስከ አልጋቸው ድረስ ይመጣላቸዋል። ወጥተው እንዳይጠፉና መኪና እንዳይገጫቸው ግን የግቢው በር ይቆለፋል። «እያዳመጥኩ አልጋዬ ላይ እቀመጣለሁ። እስኪያልቅ አለቅሳለሁ። ምራቴ ስትመጣ ጉንፋን ይዞኝ ነው እላታለሁ» አሉኝ። እዚህ የባላቸው መቃብር አለ፣ የጽዋ ማኅበራቸው አለ፣ ሰባት በጎች አሏቸው። «ልጄ ደግ ነው፤ የሚጎዳኝም ደግነቱ ነው» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የመታሁት ሚስማር ሁሉ ከወትሮው ጠልቆ ነው የገባው። ነገሩ የበረንዳ ጉዳይ መሆኑ ቀረ፤ እኚህ ሴትዮ ከዚህ ቤት ይውጡ አይውጡ የሚለው በእኔ እጅ ገባ። ፈራሁ። መብራት ገጣሚ ነኝ ብዬ የቀጠፍኩት ቅጥፈት ያን ጊዜ ነው የከበደኝ።

በረንዳው አምስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ አንድ ትልቅ አምፖል ከበሩ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ፤ አገር ሁሉ የሚሰቅለው እንደዚያ ነዋ። አመሻሽ ላይ እማሆይ ወጥተው አንድ እግራቸውን አነሡና ቆሙ።

«አንተ ሰው፣ የምታበራው ለጀርባዬ ነው ለእግሬ?» አሉ።

ጠጋ ብዬ ሳይ እውነታቸውን ነው። መብራቱ ከኋላቸው ስለሆነ የገዛ ጥላቸው ሊረግጡት ያሰቡትን ደረጃ ሸፍኖታል። አምፖሉን አወረድኩት። በእያንዳንዱ ደረጃ ከንፈር ሥር በመሮ ቦይ ቆፈርኩ፤ ትንንሾቹን መብራቶች እዚያ ውስጥ ደብቄ ወደ ታች እንዲያዩ አደረግኋቸው። ሽቦውንም እንጨቱ ውስጥ አሳለፍኩት፤ ከውጭ አንድ ክር አይታይም። መብራት ብቻ የሚያውቅ ሰው ሽቦውን ከላይ በሚስማር ጠርቅሞት ይሄድ ነበር። ይህን ለመሥራት እንጨት ማወቅ ያስፈልጋል። እዚያ ላይ ስደርስ ደስ አለኝ፤ ያ የምግብ ቤቱ ባለቤት መጥቶ ባየልኝ ብዬም ተመኘሁ።

የቀረው ሶላሩ ነበር። የት ላድርገው ብዬ ከእማሆይ ጋር አልተማከርኩም፤ እሳቸውም የት ታደርገዋለህ አላሉኝም። ሁለታችንም እኩል ወደ ምሥራቅ ዞርን። ጸሎት ወደ ምሥራቅ ነው፣ ሬሳ የሚቀበረው ወደ ምሥራቅ ነው፣ ፀሐይ የምትወጣው ከምሥራቅ ነው። ፀሐይ የሚፈልግን ነገር ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚያዞር ሰው በእኛ አገር አልተወለደም። በቤቱ የምሥራቅ ጥግ ላይ ምሰሶ ተክዬ፣ ሶላሩን ፊቱን ወደ መውጫዋ አድርጌ አሰርኩትና አማተብኩ። እማሆይም አማተቡ።

ጀንበር ስትጠልቅ አምስቱ ደረጃዎች አንድ ላይ በሩ። ጎረቤት ወጥቶ አየ፤ አንዷ እልል አለች። እማሆይ ሦስት ጊዜ ወርደው ሦስት ጊዜ ወጡ። ከዚያ ግንባሬን ይዘው መረቁኝ። ራቤል ስመለስ በዚያ ምግብ ቤት በኩል ደረቴን ነፍቼ አለፍኩ።

ከአሥር ቀን በኋላ እማሆይ ደወሉልኝ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ቤተሰቤ፣ ስለ አዝመራው ጠየቁኝ። ከዚያ የማርያም ጽዋ ማኅበር በመጪው ሳምንት የእሳቸው ተራ እንደሆነ፣ ለዚያም ልጃቸው እንደሚመጣ ነገሩኝ። እኔንም ጠሩኝ።

«መብራቱስ እንዴት ነው?» አልኩ።

«ደህና ነው። ትንሽ ቀደም ብሎ ይተኛል እንጂ።»

«ስንት ሰዓት ይተኛል?»

«ዶሮ ሲጮህ።»

እማሆይ ለኪዳን የሚወጡት ዶሮ ከጮኸ በኋላ ነው። መብራቱ የሚያስፈልጋቸው በዚያች ሰዓት ነው፤ ሌላውን ሰዓት ለማንም አያበራም።

«ታዲያ በጨለማ እንዴት ይወርዳሉ?»

«እወርዳለኋ። በል፣ ለልጄ እንዳትነግረው» አሉና ስልኩን ዘጉት።

በማግስቱ ሄጄ ጎረቤት አደርኩና ዶሮ ሲጮህ ተነሥቼ አጥሩ ጋ ቆምኩ። አምስቱም ደረጃዎች ድርግም ብለዋል። ውርጩ ጣውላው ላይ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። የእማሆይ በር ተከፈተ። ወጡ፤ ነጠላቸውን ሰበሰቡ፤ ከዚያ ከላይኛው ጣውላ ላይ ቁጭ አሉ። በተረከዛቸው እየዳበሱ፣ ጤነኛ እጃቸውን እየተመረኮዙ፣ አንዱን ደረጃ ጨርሰው ወደሚቀጥለው እንደ ሕፃን በመቀመጫቸው ወረዱ። ታች ሲደርሱ ተነሡ፤ ከቀሚሳቸው ላይ ውርጩን አራገፉና ማንም እንዳላየ ሰው ቀጥ ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

አለቀስኩ ብል ውሸት ነው። ተናደድኩ። በባትሪው ተናደድኩ፣ በሸጠችልኝ ሴት ተናደድኩ፣ ከሁሉ የበለጠ ግን በራሴ ተናደድኩ። እኚህ አሮጊት ለአሥር ቀን ያህል በውርጭ ላይ የተንፏቀቁት የእኔን ሥራ ከልጃቸው ለመሸፈን ነው።

ሲነጋ ለሱቋ ባለቤት ደወልኩና ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም፣ «የሸጥሽልኝ ባትሪ ሞቷል» አልኳት።

«ሶላሩ ስንት ሰዓት ያህል ፀሐይ ያገኛል?» አለችኝ ረጋ ብላ።

ስልኩን ዘግቼ ከምሰሶው ሥር ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩና ማየት ጀመርኩ። ያየሁት ጉም ነው። ከምሥራቅ፣ ከገደሉ አፋፍ ተነሥቶ በቤቱ ላይ እንደ በግ ጠጉር ባና ተደፋበት። አንድ ሰዓት ሆነ፣ ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ሦስት ሰዓት ሆነ፣ ጉሙ ንቅንቅ አላለም። አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የተገፈፈው። ሶላሩ ትንሽ ፀሐይ ቀመሰ፤ ቀኑ ግማሽ እንዳለፈ ደግሞ የጣሪያው ጥላ መጥቶ ሸፈነው። እኔ ራሴ በዚህ ደጋ ተወልጄ፣ በዚህ ጉም ውስጥ አድጌ፣ ሶላሩን በገዛ እጄ ለጉሙ ሰጥቼዋለሁ።

በዚህ መሃል እማሆይ ለማኅበሩ ጠላ የሚሆን ብቅል በሰሌን ተሸክመው ከቤት ወጡ። በበረንዳው ፊት አልፈው፣ በእኔም ፊት አልፈው፣ ከቤቱ ጀርባ ዞሩ። ተከተልኳቸው። በደቡብ በኩል፣ ከድንጋዩ ግድግዳ ራቅ ባለ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ሰሌኑን ዘርግተው ብቅሉን በእጃቸው ይበትኑታል።

«እማሆይ፣ ከበረንዳው ፊት ለፊት ያ ሁሉ ሜዳ እያለ ለምን እዚህ ድረስ ይመጣሉ?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ፤ አስተያየታቸው ለሰው ሁሉ የሚገባ ነገር ያልገባውን ሰው እንደሚያዩት ነው። «እዚያማ ይሻግትብኛል። ጉሙ መቼ ይለቀዋል? ፀሐይ የምትውለው እዚህ ነው። እኔ ከመምጣቴ በፊት አማቴም እዚሁ ነበር የምታሰጣው።»

ፀሐይዋ ጀርባዬን ስታሞቀኝ ይሰማኛል፤ በዚያ በኩል ያለው ምሰሶዬ አሁንም ጥላ ውስጥ ነው።

«ታዲያ ሶላሩን ስተክል ምነው ያኔ ባይነግሩኝ?»

«መቼ ጠየቅኸኝ? ባለሙያው አንተ።»

ይህን ሲሉኝ ተሸነፍኩ፤ ሳቄም መጣ። ከዚያ ወዲህ የበረንዳና የመብራት ሥራ ስቀበል፣ ራቤልም ሆነ ቀየት ከተማ፣ መለኪያ ሜትሬን ከማውጣቴ በፊት የቤቱን እመቤት ብቅል የት እንደሚያሰጡ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ሰው ጠላ ሊጠጣ ነው የመጣው ብሎ ያማኛል። ይማኝ፤ እስካሁን አላሳሳተኝም።

ምሰሶውን ነቅዬ ወደ ብቅሉ ቦታ ልወስድ ስል ግን እጄ ዘገየ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ምሥራቅን ጀርባ መስጠት ግን ይከብዳል። እማሆይም ትንሽ ከበዳቸው። በመቋሚያቸው መሬቱን ቆርቆር ሲያደርጉ ቆዩና፣ «ጸሎቱን እኔ ወደ ምሥራቅ አደርሳለሁ። እሱ ጸሎት አያውቅም፤ ፀሐይ ይሙቅ» አሉ። በዚህ ተስማማን። ሽቦውን አስረዝሜ በመሠረቱ ድንጋይ ሥር አሳለፍኩት። ያን ሌሊትና የሚቀጥለውን እዚያው አድሬ ሁለቱንም ንጋት ተነሥቼ አየሁ። ሰማዩ እስኪቀላ ድረስ አምስቱም ደረጃዎች አልጠፉም።

በማርያም ዕለት ልጅየው መኪናውን እየነዳ መጣ። ወደ አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው። እናቱን አቅፎ ብዙ ቆየ። እኔ የመኪናውን የፊት መቀመጫ አየሁ። ትራስ ተደርጎበታል፤ ትራሱ ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ አለ። ለምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ።

ማኅበሩ ደመቅ ብሎ ዋለ። ጸበል ጻዲቁ ተቀመሰ፣ ጽዋው ዞረ፣ ምርቃቱ ረዘመ። ሲመሻሽ የማኅበሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ከእማሆይ የማያንሱ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች፣ በበራው ደረጃ ላይ አንድ በአንድ ወረዱ። ሁሉም ቆም እያሉ ወደ እግራቸው ያዩና ይስቁ ነበር። ልጅየው አጠገቤ ቆሞ ነው የሚያየው።

«ጋሼ፣ ሥራው በጣም ያምራል፤ እግዜር ይስጥዎ» አለኝ። «ግን እኔ ቆርጬ ነው የመጣሁት። ነገ ይዣት እሄዳለሁ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር እንቅልፍ አጣሁ።»

ልከራከረው አሰብኩ፤ ክርክር ደግሞ የሰው እናት ጉዳይ ላይ አያምርም። «ይሁን፤ ብቻ ነገ ጠዋት ለኪዳን ሲወጡ ተነሥተህ እያቸው» አልኩት። እሺ አለኝ።

በማግስቱ ዶሮ ከጮኸ በኋላ ጋቢዬን ደርቤ አጥሩ ጋ ቆምኩ። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። አምስቱ ደረጃዎች በርተዋል፤ ውርጩ እንኳ በብርሃኑ ጥርት ብሎ ይታያል። በሩ ተከፈተና እናትና ልጅ ወጡ። እሱ ቀድሟቸው ሁለት ደረጃ ወረደና ዞሮ፣ ሊቀበላቸው ሁለት እጁን ዘረጋ።

«ዞር በልልኝ፤ ጋረድክብኝ» አሉት።

ዞር አለ። እማሆይ መቋሚያቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ደረታቸው ላይ ያስደግፉት የነበረውን እጅ ለቀቅ አድርገው፣ አምስቱን ደረጃ ሳይቆሙ ወረዱ። ታች ሲደርሱ ትንፋሻቸው እንኳ አልተለወጠም። ልጅየው ወደ እኔ መጣ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይሄ መብራት ጠፍቶ ያውቃል?»

እማሆይ አዩኝ። አትናገር ማለታቸው ነው፤ ዓይናቸው ለምኖኛል። አልጠፋም ብል ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ እሳቸውም እዚህ ይቀራሉ። ግን ይህ ሰው እናቱን ጥሎ የሚሄደው በእኔ ቃል ተማምኖ ነው። አንድ ጊዜ በስልክ እርግጠኛ ነኝ ብዬ ዋሽቼዋለሁ። ሁለተኛ አልችልም።

«ጠፍቷል» አልኩት። «አሥር ቀን ያህል በዚህ ሰዓት ጠፍቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሶላሩን ጉም ውስጥ ተክዬው ነበር። ያስተካከልኩት እናትህ ፀሐይዋን አሳይተውኝ ነው። እነዚያን ቀናት በጨለማ፣ ቁጭ ብለው ነው የወረዱት። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ፣ ቁጭ ብለሽ ነው የወረድሽው?»

«ወረድኩ። ቆሜ ብወድቅ ልትወስደኝ አይደል?»

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«መጥተህ ትወስደኝና በሩን ትቆልፍብኛለህ። ለእኔ ብለህ ነው፤ አውቃለሁ፣ ልጄ። ቁልፉ ግን አንተ ኪስ ውስጥ ነበር።»

ልጅየው ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ አለቀሰ። እማሆይ ጠጋ ብለው ነጠላቸውን አለበሱት፣ «በል ና፣ ኪዳኑ ሊደርስ ነው» አሉት። ሦስታችንም ሄድን። እሱ ከኋላቸው ነው የሄደው፤ አልያዛቸውም።

ስንመለስ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ ቆም አድርጎኝ፣ «ቢጠፋስ? ደግሞ ቢጠፋስ?» አለኝ።

«በየወሩ እመጣለሁ። ባትሪውን አያለሁ፣ ሶላሩን እጠርጋለሁ። የጠፋ ለታ ደግሞ እሳቸው ቢደብቁህ እኔ እነግርሃለሁ። አሁን እውነቱን ስናገር አይተኸኛል።»

«አይቻለሁ» አለ።

ቁርስ እስኪበላ ድረስ ስለ ጉዞው ምንም አልተናገረም። እኔም አልጠየቅሁ፤ እማሆይም አልጠየቁ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ መኪናው ሄደ። የፊቱን በር ከፍቶ ትራሱንና ብርድ ልብሱን አወጣ፤ በአምስቱ ደረጃ ወጣና ቤት ገብቶ ሁለቱንም እናቱ አልጋ ላይ አኖራቸው። እማሆይ ጓዳ ገቡ፤ ለልጅ ልጆቻቸው የፈጩትን በሶ በከረጢት ይዘው ወጡ። ከረጢቱን ተቀበላቸውና የኋላ መቀመጫ ሰፊ ሆኖ ሳለ ለእሳቸው ባሰበው ቦታ ላይ አስቀመጠው። እንዳይወድቅበት ቀበቶውን አሰረለት። ከዚያ እናቱን ሳመ፣ እኔንም ሳመኝና መኪናውን አስነሥቶ በጓሳ መንገድ ሄደ።